ሩት ወይስ ሶስና

በልደት ምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ ሦስተኛው መስኮት ላይ አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጠችው መዝጋቢ ከምንም በላይ የማትታገሠው ስም ሳይቆርጥ የሚመጣ ወላጅን ነበር። ተራ ይዞ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ተሰልፎ፣ መስታወቱ ፊት ሲደርስ "ቆይ እስቲ፣ እንደገና እንነጋገርበት" እየተባባለ የሚንሾካሾክ ባልና ሚስት ሲገጥማት ደሟ ይፈላል። በክር የታሰረውን እስክሪብቶ ከእጃቸው ትቀበልና "ስም ይዛችሁ ስትመጡ እንገናኛለን። ቀጣይ!" ትላለች። አንዴ እንዲህ ያባረረችው አባት በሩ ላይ ዞር ብሎ "አንቺም ወልደሽ እይው!" ብሏት ሄዷል።

ወለደች። ሴት ልጅ፤ ጤነኛ፣ ጸጉረ ብዙ፣ ለቅሶ የማይደክማት። ይኸው ሁለት ወር ከአሥር ቀን ሞላት። ስም ግን የላትም።

የክትባት ካርዷ ላይ፣ ስም በሚለው መስመር፣ "ሕፃን" ተብሎ ተጽፏል። ቤት ውስጥ "ሚጣ" ይሏታል፤ ጎረቤት "ልጅቷ" ይላታል። መዝጋቢዋ ከወሊድ ፈቃድ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ቁጭ እንዳለች የክፍሉ ኃላፊ፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው ሽማግሌ፣ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋትና "ስሟን ማን አላችኋት?" አሏት።

"እየተነጋገርንበት ነው ጋሼ።"

ከሦስቱም መስኮት ሳቅ ፈነዳ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ምን ተገኘ ብለው አንገታቸውን አሰገጉ።

"ሕጉ ዘጠና ቀን ነው የሚለው" አሉ ጋሼ፣ ሳቃቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። "ለነገሩ ላንቺ አይነገርም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። እርጉዝ ሳለች አርባ ስም ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋ ነበር። በየሳምንቱ አንድ ሁለቱን ስትሰርዝ፣ ሆዷ እየገፋ ዝርዝሩ እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ሁለት ቀሩ፦ ሩት እና ሶስና። ሁለቱም የቆዩ፣ የከበሩ፣ ማንም የማያፍርባቸው ስሞች ናቸው። ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው። አንዱ እንኳ ትንሽ ቢያስጠላ ኖሮ ተገላግላ ነበር።

ሩትን የመረጡት የራሷ እናት ናቸው። ሠላሳ ዓመት በልብስ ንጽሕና ቤት ካውያ ሲገፉ የኖሩ፣ ንግግራቸው እንደ ሸሚዝ ኮሌታ አጭርና የተተኮሰ ሴት ናቸው። "ሩት። አለቀ። አንዴ አፍ ከፍተሽ ትጨርሽዋለሽ" አሉ። "ሶስና ሲባል ሦስት ሰው የተጠራ ይመስላል። 'ሦስት ና!'"

ሶስናን የመረጡት አማቷ ናቸው። ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት፣ ድምፃቸው ያለ ማይክራፎን አንድ ሜዳ ሙሉ ተማሪ ያሰልፍ የነበረ። "ሩት!" አሉ፣ ቃሉን እንደ ትል በሁለት ጣት ያነሡት ይመስል። "ልጅቷን ሩት ብለሽ ስትጠሪያት ሩጪ ያልሻት መስሏት ከቤት ወጥታ ትጠፋለች። ሶስና በይ። አፍ ላይ ዜማ አለው።"

ሁለቱ አያቶች የሚስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ውሳኔው የአባትየው ነው በማለት። አባትየው ደግሞ በዓለም ላይ ውሳኔ ከሚጠየቁ ሰዎች የመጨረሻው መሆን ያለበት ሰው ነበር።

መስታወት ገጣሚ ነው። ጣቶቹ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ፕላስተር አያጡም። የሚሠራበት ቤት ውስጥ ማንም በስሙ አይጠራውም፤ "እሺ" ነው የሚሉት። የላይኛውን ፎቅ መስኮት አንተ ግጠም ሲሉት እሺ፣ እሑድ ግባ ሲሉት እሺ፣ ምሳህን አካፍለኝ ሲሉት እሺ። ሚስቱ ስታገባው ይህን ጨዋነት ነው ብላ ወደደችው። አሁን አንጀቷን የሚያሳርራት እሱው ነው።

"የትኛው ይሻልሃል?" ብላ ጠየቀችው አንድ ጠዋት፣ ልጅቷን ትከሻዋ ላይ እያስገሳች።

"ሩት ጥሩ ናት።"

"እንግዲያው ሩት ትሁን?"

"እሺ።"

ደስ ብሏት ሥራ ዋለች። በማግስቱ እናቱ ስልክ ደውለው አነጋገሩትና ፊቱን አዙሮ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

"የእማዬም ምርጫ ክፉ አይደለም" አለ ለጫማው።

"ትናንት ሩት አላልክም?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ?"

"አንቺ ያልሽው ይሁን።"

"እኔ ምን አልኩ?"

"እሱን አላውቅም።"

መዝጋቢዋ ጣሪያውን ቀና ብላ አየች። ጣሪያው ላይ መልስ አልነበረም። ቢሮ ገብታ ለባልደረቦቿ ብትነግራቸው፣ እነሱም የልባቸው ደርሶ፣ ባዶ የወረቀት ካርቶን ላይ ቀዳዳ አበጅተው ድምፅ ሰጡላት። ሰባት ለሩት፣ ሰባት ለሶስና። የጥበቃ ሠራተኛው "ልጅቷን በዓይኔ ሳላይ አልመርጥም" ብሎ ድምፁን ነፈጋት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጉዱ የፈላው በአሥረኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት ነው። እሷ ሥራ ስትውል ልጅቷን የሚይዟት ሁለቱ አያቶች በየተራ ነበር፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እናቷ፣ ማክሰኞና ሐሙስ አማቷ። መስኮቷ ፊት አንድ ወፍራም ሰውዬ ስለ መንትዮቹ ልደት ቅጽ እየሞላ ሳለ ስልኳ ጮኸ።

"ከጤና ጣቢያው ነው" አለች አንዲት ሴት። "መንታ ነው የወለድሽው ወይስ አንድ?"

መዝጋቢዋ ቅጹን አየች፤ ሰውዬውን አየች። "መንታ የወለደው እሱ ነው" አለች ተደናግራ።

"ማን?"

"የለም፣ የለም፤ እኔ አንድ ነኝ። አንድ ልጅ ነው ያለኝ።"

"እንግዲያው ቶሎ ነይ" አለች ሴትዮዋ፣ ስልኩም ተዘጋ።

ሰልፉን በትና፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳትዘጋ፣ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ሄደች። የክትባት ክፍሉ ውስጥ ልጇ በእናቷ ጭን ላይ አንድ እግሯ ራቁት ሆኖ ትጮኻለች። ነርሷ፣ ከእሷ የምታንስ ግን ቁጣዋ የትልቅ ሰው የሆነ ወጣት፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ካርድ አስቀምጣ መዝገቡን ገልጣ ትጠብቃታለች።

"ይህ ካርድ የመጣው ዛሬ ነው" አለች። "'ሕፃን' የሚለው ተሰርዞ ሩት ተብሎ በእኔው እጅ ተጽፏል፤ አያት ናቸው ያጻፉኝ። መርፌውን ቀድቼ ጭኗን ብገልጥ የትናንት መርፌ እብጠት አለ። መዝገቡን ባይ ትናንት ማክሰኞ፣ በዚያው የትውልድ ቀን፣ በዚያው የአባት ስም፣ ሶስና የምትባል ልጅ በአዲስ ካርድ ተከትባለች። ያንንም ያስጻፉት አያት ናቸው። ስንት አያት ነው ያላት?"

"ሁለት" አለች መዝጋቢዋ።

"አልነገሩኝም እኮ!" አሉ እናቷ። "ካርዱ እኔ ቤት፣ ቀጠሮው ካርዱ ላይ! አማትሽ ትናንት እንደወሰዷት በምን ልወቀው?"

"ትናንት እንቅልፏ የበዛው ለካ..." አለች መዝጋቢዋ።

"እሱን ተዪውና" አለች ነርሷ እስክሪብቶዋን ከፍታ። "አንዱን አሁኑኑ እሰርዛለሁ። ልጅቷ ስሟ ማን ነው?"

መዝጋቢዋ አፏን ከፈተች። ሊወጣ የነበረው "ቆይ እስቲ፣ እንደገና እንነጋገርበት" ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሰው ያባረረችበት ዓረፍተ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ሲመለስ ተሰማትና በሐፍረት ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

"ሶስና" አለች።

ከየት እንዳመጣችው አታውቅም። ወጣ፤ ነርሷም ጻፈችው። እናቷ የልጅቷን ሱሪ ከፍ አድርገው፣ ቁልፉን ቆልፈው፣ አቀፏትና ወደ በሩ ሄዱ። መንገድ ላይ "ባልሽ ግን ሩት ትሆናለች፣ አይስጉ ብሎኝ ነበር" አሉ።

"መቼ?"

"ባለፈው ሳምንት። ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ ደጋግሞ እሺ አለኝ። ባይለኝማ በምን አፌ ካርድ ላይ አስጽፋለሁ?"

መዝጋቢዋ እዚያው እግረኛ መንገዱ ላይ ቆመች። ልጇን ከእናቷ ክንድ ተቀበለች፤ አቅጣጫዋንም ወደ መስታወት ቤቱ አደረገች።

ባሏ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰፊ መስታወት አጋድሞ በመቁረጫው መስመር እያሰመረ ነበር። ፊቷን ያዩት ሁለቱ ባልደረቦቹ ውጭ የሚሠራ ነገር ወዲያው ትዝ አላቸውና ወጡ።

"ለእናቴ ምን ብለሃታል?"

መቁረጫውን አስቀመጠ። "ሩት ትሆናለች ብያቸዋለሁ።"

"ለእናትህስ?"

"ለእሷም... እሺ ብያታለሁ።"

"ለእኔስ?"

"ላንቺ ደግሞ አንቺ ያልሽው ይሁን ብዬሻለሁ።"

"እንግዲህ አንድ ልጅ ይዘን ሦስት እሺ አለን!" መስታወቱ በድምፅዋ የተንቀጠቀጠ መሰላት። "ዛሬ ልጄን ያንኑ ክትባት ሁለቴ ሊወጓት ነበር፣ ታውቃለህ? ነርሷ ዓይነ ስል ባትሆን ኖሮ! አይሆንም ማለት ምን ያህል ይከብዳል? አምስት ፊደል ነው!"

እጁን በሱሪው ጠርጎ ልጅቷን ተቀበላት። ጭኗን ቀስ ብሎ ዳበሰ። ፊቱ ገርጥቷል።

"በቃ፣ እኔ ቆርጬዋለሁ" አለች። "ለነርሷ ሶስና ብያታለሁ። ተጽፏል፤ ተገላግለናል። በል፣ አንተም ጥራት።"

ልጅቷን አየ።

"ጥራት እንጂ! ስሟ ነው፤ ጥራት!"

አፉን ከፈተ። የአንገቱ ሥር ተገታተረ፣ ዓይኑ ተጨፈነ። "ሶ..." አለ። ቀጣዩ አልመጣም። "ሶ... ሶ..." በነጻው እጁ ጡጫ ጭኑን መታ፤ እንደገና መታ። ከዚያ ትንፋሹን ለቀቀና፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ "የእማዬ ምርጫ" አለ በቀስታ።

መዝጋቢዋ የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለች። በልጅነቱ ይንተባተብ እንደነበር ታውቃለች፤ አማቷ እንዴት እንዳዳኑት ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይተርካሉ። ዳነ ብላ ነው ያገባችው። አሁን ግን አንድ በአንድ ይመጣላት ጀመር። ስኳር ሲፈልግ "ጣፋጩን አቀብዪኝ" ይላታል፤ ቀልድ መስሏት ስድስት ዓመት ስቃለታለች። ሰኞን "የሥራ መጀመሪያ ቀን" ይላታል። ሰው ሰላም ሲለው እሱ "እንደምን ዋልክ" ነው መልሱ። ሶስና የሚለውን ስም ደግሞ፣ ያን ሁሉ ወር ሲጨቃጨቁ፣ አንዴም ከአፉ ሰምታው አታውቅም።

"ስድስት ዓመት!" አለች። "ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር! ለምን አልነገርከኝም?"

"መናገሩ አይደል የቸገረኝ!"

ሳቅ አመለጣት፤ እሱም ሳቀ። ወዲያው ደግሞ እንደገና ተናደደች፤ ሳቁ ንዴቷን የሰረቃት መስሏት።

"አልዳንኩም" አለ። "ዘዴ ነው የተማርኩት። ቃሉ ከሩቅ ይታየኛል፤ ዞሬ አልፈዋለሁ። ብዙ ካወራሁ ያጋጥመኛል፤ እሺ ካልኩ ግን ወሬው ያልቃል።" ልጅቷን ወደ ደረቱ አስጠጋ። "ልጄን ግን እንዴት ዞሬ አልፋታለሁ? ነገ መንገድ ላይ መኪና ቢመጣባት ምን ብዬ ነው የምጠራት?"

ንዴቷ አልበረደም፤ አድራሻውን ቀየረ እንጂ። ስትጮህበት የከረመችባቸው ጠዋቶች ሁሉ በራሷ ላይ ተመለሱባት።

"ሩት ማለትስ?"

"ሩት" አለ ቶሎ። "ሩት። ሩት። ሩት።"

"ለእናትህ ግን የምትነግራቸው አንተ ነህ። እኔ አፌን አልከፍትም።"

"እሺ።"

"እሺ አትበለኝ!"

ጥቂት አሰበ። "መልካም" አለ።

ሐሙስ ጠዋት አማቷ በተራቸው ቀን፣ እንደ ትምህርት ቤት ደወል፣ ልክ በሁለት ሰዓት ደረሱ። ጤና ጣቢያው ውስጥ የተባለውን ትናንት ማታ ሰምተው ኖሮ ፊታቸው በድል አብርቷል። የመዝጋቢዋ እናትም ተጠርተው መጥተዋል፤ ሶፋው ጥግ ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

"እማዬ" አለ ልጃቸው ቆሞ። "ልጅቷ ሩት ናት።"

"ማን አለ?"

"እኔ።"

"አንተማ እሺ ብለኸኝ ነበር!"

"ዋሽቼሻለሁ።"

አማቷ ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ወደ ምራታቸው ዞሩ፤ እሷ ግን ከንፈሯን ነክሳ መጋረጃውን ታያለች።

"ያንቺን ምርጫ ልጠራው አልችልም" አለ። "አይወጣልኝም።"

"ምን ማለት ነው አይወጣልኝም? አንተ የዳንክ ልጅ!"

ያን ጊዜ ሞከረው። እናቱ ፊት፣ በጠዋት ብርሃን፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ "ሶ... ሶ... ሶ..." አለ። አማቷ ለአፍታ ደነገጡ። ከዚያ የሠላሳ ዓመት ልማድ ቀደማቸው፦ "ትንፋሽህን ሳብ። ከሆድህ! ትከሻህን ዝቅ አድርግ። ቀስ ብለህ፣ እንደገና!"

ደገመው፤ ባሰበት። "ጣትህን ቁጠር! አንድ፣ ሁለት..." መዝጋቢዋ ተነሥታ ልትጮህ ስትል እናቷ የእጅ አንጓዋን ይዘው አስቀመጧት።

"እማዬ፣ በቃ" አለ ልጅዬው። "የልጅ አባት ነኝ እኮ።"

አማቷ ለመቁጠር የዘረጉትን ጣት መለሱት።

"ክፍል ፊት ቆመህ አንብበሃል" አሉ አማቷ፣ ድምፃቸው ሳያስቡት ዝቅ ብሎ። "አንድ ገጽ ሙሉ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

"የማይወጡልኝን ቃላት በሌላ ቀይሬ ነው ያነበብኩት።"

"መጽሐፉን እኔ አላውቀውም ነበር?"

"ታውቂው ነበር። ግን በጣም ደስ ብሎሽ ነበር።"

አማቷ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ያሹት ጀመር፤ መነጽሩ ንጹሕ ነበር። ለማንም ሳይሆን፣ "ሩት ሲሏት ሩጪ የተባለች ይመስላታል" ብለው አጉረመረሙ።

"ትሩጥ እንግዲህ" አሉ የመዝጋቢዋ እናት ከጥግ። "እግር ይስጣት እንጂ።"

በማግስቱ ባልና ሚስት ተራ ይዘው እንደ ማንኛውም ሰው ተሰለፉ። ሦስተኛው መስኮት ላይ ጋሼ ራሳቸው ተቀምጠዋል። "ስም ይዛችሁ ነው የመጣችሁት?" አሉ ጮክ ብለው፣ ሰልፉ እንዲሰማ። መዝጋቢዋ ጥርሷን ነክሳ ባሏን በክርኗ ጎሸመችው። "ሩት" አለ፣ ማንም ሳያስደግመው። ማህተሙ ወረቀቱ ላይ አረፈ።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። ነርሷ "ሶስና ብለሽኝ አልነበረም?" ብላ ካርዱን ያለ ደብዳቤ አልቀይርም አለች። ደብዳቤው የሚጻፈው ከልደት ምዝገባ ሆነ፤ ልደት ምዝገባ ደግሞ የጤና ጣቢያው ጥያቄ በጽሑፍ ካልመጣ አይጽፍም። ይህን ደንብ ከአራት ዓመት በፊት ያረቀቀችው መዝጋቢዋ ራሷ ነበረች። ሁለት ቢሮ መካከል ሦስት ቀን ተመላለሰችና በገዛ ደንቧ ላይ ጮክ ብላ ተራገመች።

አማቷ በቀጣዩ ማክሰኞ አልመጡም፤ ሐሙስም አልመጡም። እናቷ የአምስቱንም ቀን ሸክም ብቻቸውን ተሸክመው ወገባቸውን ያዙ። በተከታዩ ማክሰኞ ግን ደወሉ በሁለት ሰዓት ተደወለ። ገቡ፣ ካፖርታቸውን ሰቀሉ፣ ልጃቸው ቁርስ ከሚበላበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀመጡና እርሳስና ወረቀት አወጡ።

"ስ ብቻ ነው የሚያስቸግርህ ወይስ ሌላም ፊደል አለ?"

"እማዬ፣ ቁርሴን ልብላ።"

"ለማወቅ ነው እንጂ ላርምህ አይደለም።" ወረቀቱን አስተካከሉ። "ያኔ ነበር መጠየቅ የነበረብኝ።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "ጠዋት ጠዋት ይብሳል" አለ። "ማታ ይሻላል።" አማቷ አልጻፉትም፤ እርሳሱን ብቻ በእጃቸው እንደያዙ ሰሙት።

መዝጋቢዋ ኮቷን እየለበሰች ይህን ሁሉ በጆሮዋ ትሰማለች። ሰዓቱ ሄዷል፤ ጫማዋ አንዱ ጠፍቷል። አማቷ ተነሥተው ወደ ልጅቷ አልጋ ሄዱና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሜዳ ሙሉ ተማሪ ባሰለፉበት ድምፅ "ሩት!" ብለው ጠሯት። ልጅቷ ብርግግ ብላ እሪታዋን አቀለጠችው።

"ይኸው!" አሉ አማቷ ደስ ብሏቸው። "አልወደደችውም!"

"ድምፅዎ ነው እማማ፣ ድምፅዎ!" አለች መዝጋቢዋ፣ ጫማዋን ከአልጋው ሥር እየጎተተች። በሩን ዘግታ ወጣች፤ ደረጃው ግማሽ ላይ ስትደርስም ባሏ ከውስጥ ልጅቷን በስሟ እየጠራ ሲያባብላት ይሰማት ነበር።